ኮችም ዳኛም አንድ ሰው

ሐዋሳ ላይ ቅርጫት ኳስ መጫወት ያቆመ ሰው ከሜዳ አይርቅም። ጉልበቱ እምቢ ቢለው፣ ሥራና ትዳር ቢይዘው፣ አመሻሽ ላይ ሜዳ ዳር አይጠፋም። ቀስ በቀስ ልጆቹ "ኮች" ይሉታል። ማንም አልሾመውም፣ ደሞዝም የለውም። በምኖርበት አሜሪካ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

በቀደም ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሰፈር ታዳጊዎች ሲገጥሙ አየሁ። የአንዱ ቡድን ኮች ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። "ግራህን ዝጋ!" ብሎ ይጮኻል፤ ወዲያው ፊሽካ ነፍቶ እዚያው ልጅ ላይ ፋውል ይሰጣል። ነጥብ የምትይዘው ጉልበቷን የተጎዳች ተጫዋች ናት፤ ደብተሩ ጭኗ ላይ፣ ሰዓቱ ስልኳ ላይ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከተጋጣሚው ቡድን አንድ ልጅ ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ተገጭቶ ወደቀ። ፊሽካ የለም። ልጁ ተነሣና "ኮች፣ ይሄ ፋውል አይደለም እንዴ?" አለ። ቁጣ አልነበረበትም። መልስም ሳይጠብቅ ወደ መከላከል ሮጠ።

ኮቹ ቅን ሰው ነው፤ ሆን ብሎ አላዳላም። በዚያች ቅጽበት ግን የሚያየው የራሱ ልጅ ቦታውን በደንብ መያዙን ነበር። ዳኛ ደግሞ ማየት ያለበት ሁለቱ የተነካኩበትን ነው። አንድ ሰው ሁለቱን እኩል ሊያይ አይችልም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ኮቹን ስለሚያከብር ዝም ያለው ልጅ ነው።

አሜሪካ ተጫዋች "ዳኛ ልሁን" ሲል መንገዱ የተጠረገ ነው። ይመዘገባል፣ በሕጉ ላይ ፈተና ይወስዳል፣ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ሸሚዙን በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ከዚያ በየጨዋታው ይከፈለዋል። መንገዱ እስከ ላይ ያደርሳል። ሊዮን ዉድ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ ቡድን አባል ነበር፤ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ተጫውቶ ሲያበቃ እዚያው ኤንቢኤ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ዳኘ። በኮሌጅ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ) የነበረችው ቫዮሌት ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1997 ከዲ ካንትነር ጋር የሊጉ የመጀመሪያዎቹ ሴት ዳኞች ሆኑ።

ስድቡ ግን አይጣል ነው። ወላጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ ገና ጀማሪ የሆነን ዳኛ፣ ልጁ ሊሆን የሚችልን ወጣት፣ ሲያዋርድ አይቻለሁ። ብዙዎች ቶሎ የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። የሐዋሳውን ልጅ ጨዋነት እዚያ በገንዘብም አያገኙትም።

ከውጭ ለምንመጣ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካን ትምህርት ቤት ሕግ ይዘን መጥተን ልጆቹን አናደናግር። እዚያ ኳርተሩ (የጨዋታው አንድ አራተኛ) 8 ደቂቃ ነው፤ ኳስ የያዘ ተጫዋች ራሱ ታይም አውት (አጭር እረፍት) መጠየቅ ይችላል። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ግን ኳርተሩ 10 ደቂቃ ነው፤ ታይም አውት የሚጠይቀው አሰልጣኙ ወይም ረዳቱ ነው፣ እሱም ነጥብና ሰዓት በሚይዙት የጠረጴዛ ዳኞች በኩል። አምስት ፋውል የሞላበት ተጫዋች ይወጣል። ቡድኑ በአንድ ኳርተር አራት ፋውል ከሞላ በኋላ ተከላካዩ የሚሠራው ፋውል ሁለት ፍሪ ትሮው (ያለ ተከላካይ የሚወረወር ቅጣት) ያስከትላል። ይህን ሁሉ የሚቆጥረው ጠረጴዛው ነው። ስለዚህ ያቺ ደብተር የያዘች ልጅ የጨዋታው ግማሽ ናት።

ከጨዋታው በኋላ አነጋገርኳት። ወደ መጫወት እንደማትመለስ ታውቃለች። ሰው ሁሉ "ኮች ሁኚ" ይላታል፤ እሷ የምትፈልገው ግን ፊሽካውን ነው። ሕጉን የት ተቀምጣ እንደምትማር የነገራት የለም።

እኛ በየዓመቱ ኳስና ማሊያ እንልካለን። ጥሩ ነው፣ አይቅር። እንደ እሷ ላሉት የዳኝነት ሥልጠናና የጨዋታ አበል ግን ማን አዋጣ? እስከዚያው ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ፦ የታቦር ሰፈሩ ኮች የአቶቴ ሰፈሮቹን ጨዋታ ይዳኝ፣ የአቶቴው ደግሞ የታቦሮቹን። እሷም አብራ ትዳኝ። ይህንኑ ለኮቹ ነገርኩት፤ ከሌሎቹ ጋር እንደሚነጋገርበት ቃል ገብቶልኛል።