ሳይክሉን የት እናቁመው?

«ጋሼ፣ እዚህ ሳይክል አይቆምም።»

«እነዚህ ሁሉ መኪኖችስ?»

«መኪናማ ደንበኛ ነው!»

ይህን ያለኝ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር፣ ከከተማው ባቡር መነሻ ብዙም ሳይርቅ ያለ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የተናገረው። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። መኪና ይዞ ቡና እንኳ የማይጠጣው ደንበኛ ነው። ሳይክል የያዘው ግን እንደ ተጠርጣሪ ይታያል።

የእህቴ ልጅ የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የሚሠራው ስታዲየም አካባቢ። በየጠዋቱ የሚያማርረው በባቡሩ አይደለም፤ ባቡሩ ጋ እስኪደርስ ባለው ሰልፍና ግፊያ ነው። ከሆላንድ የመጣ አጎት ደግሞ ስለ ሳይክል ካላወራ ስለ ምን ያወራል? ገዛሁለት። ልጁም ወደደው። ከቤት እስከ አያት ያለሰልፍ ደረሰ። ከዚያስ? ይዞት ባቡር ላይ አይወጣ። በሥራ መግቢያ ሰዓት እንኳን ሳይክል ሰውም መቆሚያ አያገኝም። ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አስሮት ቢሄድ፣ ማታ ሲመለስ ሰንሰለቱን ቢያገኝም ዕድለኛ ነው።

እኔ የምኖረው ሆላንድ፣ ዩትሬክት ከተማ ነው። እዚያ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ሥር 12,500 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሦስት ፎቅ ነው። እየነዳህ ትገባለህ። ክፍት ቦታ የት እንዳለ ሰሌዳው ይነግርሃል። ሠራተኛ አለ፣ ጎማህ ቢተነፍስ የሚጠግንልህ አለ። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በነፃ ነው። ጠዋት አቁሞ ማታ የሚወስድ ሰው ሳንቲም አይከፍልም ማለት ነው።

ነፃ ስላልኩ ግን ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ከተማው፣ ሐዲዱን የሚያስተዳድረው ድርጅትና የባቡር ኩባንያው ተጋርተው ያሠሩት ነው። አምስተርዳም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ውሃ ሥር፣ 7,000 ሳይክል የሚይዝ ከፍታለች። 60 ሚሊዮን ዩሮ ወጣበት። ሳይክል ለማቆም! ከባቡር ተሳፋሪው ግማሽ የሚጠጋው ጣቢያ የሚደርሰው በሳይክል ስለሆነ፣ ወጪው ለማንም ቅንጦት አይመስለውም። ደግሞ ሆላንድ ሌባ የለም እንዳትሉኝ። የእኔን የወሰዱብኝን መቁጠር ትቻለሁ። ጥበቃው የተቀጠረውም ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ውሃ ሥር ትቆፍር አላልኩም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መሀል ከተማ ላይ የሳይክል መንገድ ሠርቷል። አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ግን መንገድ ሠርቶ ማቆሚያ መንሳት ሰርግ ጠርቶ ወንበር እንደመንፈግ ነው። ሳይክል በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ ለዳር ነዋሪው ነው። ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አያት ድረስ ይመጣል። ከአያት ወዲያ ያለው ሕዝብ ግን እንደፍጥርጥሩ ነው።

ሒሳቡ ከባድ ሆኖ አይደለም። መኪና ማቆሚያውን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ያስተዳድሩት የለ? አንድ መኪና በሚይዘው ቦታ ወደ አስር ሳይክል ይቆማል። እያንዳንዱ ሳይክል የመኪናውን አንድ አስረኛ ቢከፍል፣ ቦታው ያው ገቢ ነው። አጥር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት ማሰሪያ፣ ቁጥር ያለው ካርድ፣ አንድ ጠባቂ፤ በቃ። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ጠባቂ ከሌለ ሳይክል አይመጣም፣ ሳይክል ካልመጣ የጠባቂው ደሞዝ አይወጣም። እስኪለመድ ድረስ ያንን ደሞዝ መቻል ያለበት ከተማው ነው። ለመንገድ ዳር መብራትና ለአበባ ከሚወጣው ላይ ቢቆነጠር ማን ልብ ይለዋል?

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት «አንተ ደግሞ፣ ሽጠውና ባጃጅ ይሳፈር» አለችኝ።

ለጊዜው የልጁን ሳይክል የምትጠብቅለት እዚያው አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። በየቀኑ ትንሽ ይሰጣታል፣ ከሥራ ሲመለስም ቡናዋን ይጠጣል። አሁን ሌሎችም አይተው እሷ ጋ ማስቀመጥ ጀምረዋል። ባለፈው ሲደውልልኝ መልእክት ልካብኛለች። ክረምት ሳይገባ ለሳይክሎቹ መሸፈኛ ሸራ ያስፈልጋታል፣ «ለዚያ ለውጭ አገሩ አጎትህ ንገረው» ብላዋለች። የሸራውን ዋጋ ጠይቀህ ንገረኝ ብዬዋለሁ።