ቅጠል አሳዳጁ ጎረቤቴ

ዘንድሮ መጸው ጨዋ ሆኖ መጥቷል። ሙቀቱ አልፏል፣ ብርዱ ገና መንገድ ላይ ነው። ወንበር ይዤ ጓሮ ቁጭ ከማለቴ ጎረቤቴ ያንን የቅጠል መንፊያ ማሽኑን አስነሳዋ! ቅጠሉን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ይነዳዋል፤ ነፋስ ይመጣና ይመልስለታል፤ እሱም እንደገና ይነሳል። ነፋስን በነፋስ ሊያሸንፍ!

ማሽኑ ሳይጮህ በፊት አንዲት ወፍ አጥሩ ሥር ነበረች። ቅጠሉን በመንቁሯ ጫፍ ይዛ ወደ ጎን ወርወር ታደርግና አንገቷን ሰበር አድርጋ ከሥሩ ታያለች። ቁልፍ የጠፋባት ወይዘሮ ነው የምትመስለው። ጩኸቱ ሲጀምር እልም አለች።

ምንም የማይንቀሳቀስበት ጓሮ የጸዳ የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። የወደቀ ቅጠል እኮ ሥራ ላይ ነው። የምድር ትል ማታ ማታ እየጎተተ ጉድጓዱ ያስገባዋል። ዳርዊን ያን ሁሉ ፍጥረት ሲመረምር ኖሮ ለትልም ጊዜ አላጣም፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ ትልና አፈር መጽሐፍ አሳትሟል። የኛ ሰው ግን ለትል አንድ ቅጠል መተው ከበደው። ቅጠል ውስጥ ተሸሽገው ብርዱን የሚያሳልፉትን ነፍሳት ከነቤታቸው ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋል፤ ከዚያ ደግሞ "ቢራቢሮ ድሮ ቀረ" እያለ ያማርርልኛል!

ስለ ጽዳት ካነሳሁ አይቀር፣ የአጎቴ ልጅ የሠራኝን ሳልናገር አላልፍም። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን አልረሳሁም። በረንዳዬ ጥግ አንዲት ሸረሪት ክብ ድሯን ዘርግታ ነበር። ክብ ድር የሚሠሩት ብዙዎቹ አሮጌውን ይበሉትና ከዚያው አዲስ ይፈትላሉ፤ ምንም አይባክንም። እሱ ገና ከመግባቱ "ቤትህን ሸረሪት አድርቶበታል እኮ!" ብሎ በመጥረጊያ ጠራረገልኝ። ይኸው ሰው ሁለት ዘመድ ከተሰበሰበ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሳይል አይቀመጥም። ስወደው የኖርኩትን ተረት አስጠላኝ። አንበሳው ይቅርና ዝንብ እንኳ እንድትይዝ ፍቀድላታ!

ብቻ... ማሽኑ አሁን ቆሟል። ነዳጅ አልቆበት መሰለኝ። ቅጠሉ በአጥሩ ሥር አልፎ እኔ ጓሮ ተከምሯል።

"ይቅርታ፣ ወዳንተ ሄደብኝ" አለኝ።

"ችግር የለም" አልኩት፤ "የቀረህ ካለ ጨምርልኝ።"