ማስተካከያ፦ ስናፕሾት ባክአፕን አይተካም

በደሴና በኮምቦልቻ በአንድ ሰርቨር ብቻ ለሚሠሩ ድርጅቶች ስለ ፕሮክስሞክስ (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሥርዓት) አተካከል ባለፈው ሳምንት ባጋራሁት ጽሑፍ፣ «በየማታው ስናፕሾት ከወሰዳችሁ ሌላ ባክአፕ አያስፈልጋችሁም» ብዬ ነበር። ይህ ስህተት ነው። ስናፕሾት የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ ይዞ ወደዚያው ለመመለስ የሚያስችል ነው፤ ባክአፕ ግን ራሱን የቻለ መጠባበቂያ ቅጂ ነው።

ከፕሮክስሞክስ ይፋዊ ሰነድ ጋር አመሳክሬ፣ በራሴ ሰርቨርም ሞክሬ እንዳረጋገጥኩት፣ ስናፕሾት የሚቀመጠው ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር በዚያው ማከማቻ ላይ በመሆኑ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በዚህም አያበቃም፤ ስናፕሾቶች ሳይሰረዙ በቆዩ ቁጥር የሚይዙት ቦታ እየሰፋ ይሄዳል፤ ኤልቪኤም ቲን የተባለው ማከማቻ ሲሞላ ደግሞ ማሽኑ መጻፍ ተስኖት ይቆማል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመለዋወጫ መደብር ያየሁት ይህንኑ ነው፦ የሽያጭ ፕሮግራሙ ከረፋዱ ጀምሮ ደረሰኝ ማውጣት አቁሞ፣ ሰርቨሩን ስንከፍተው የማከማቻው መጠን 100 በመቶ ደርሶ አገኘነው።

ምክሬን የተከተላችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ በፕሮክስሞክስ የባክአፕ አማራጭ ሙሉ ቅጂ ወስዳችሁ በሌላ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ እንድታስቀምጡ አደራ እላለሁ። ቅጂው የቀድሞ ስናፕሾቶችን እንደማይጨምር ግን እወቁ። ቅጂው መሥራቱን ለማረጋገጥ በሌላ የማሽን ቁጥር መልሳችሁ ጫኑት፤ ከማስነሳታችሁ በፊትም የአይፒ አድራሻው ከዋናው ማሽን ጋር እንዳይጋጭ መልሳችሁ የጫናችሁትን ማሽን የኔትወርክ ካርድ ግንኙነት አቋርጡ። የቆዩ ስናፕሾቶችን የምትሰርዙት ከዚህ በኋላ ነው።