የመሪዎቻችን ውሾች የግል ጉዳይ አይደሉም

ባለፈው ሳምንት ካቫሊየር የሚባሉትን ውሾች ለምናራባ ሰዎች ክለብ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ቀላል ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ሁሉ ለእርባታ የሚያውላቸውን ውሾች የልብ ምርመራ ውጤት በየዓመቱ ለአባላት ይፋ ያድርግ የሚል ነበር። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቃወመው። ከአባላቱ ገሚሱ በይሉኝታ፣ ገሚሱ ስብሰባው ረዝሞበት ከኮሚቴው ጋር እጁን አወጣ። እኛ ደመወዝ የማንቀበል በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ክለቡን በትርፍ ጊዜያችን እናገለግላለን፣ ቤታችን ያለው ውሻ ግን የግል ጉዳያችን ነው አሉ ሰብሳቢው። ተጨበጨበላቸው።

እኔ አላጨበጨብኩም። ሐሳቡን ካቀረቡት አንዷ ነኝና በንዴት ነው የምጽፈው፤ ንዴቴን መደበቅም አልፈልግም።

"የግል ጉዳይ" የምትለዋን ቃል ልያዛት፤ ከተነገሩት ምክንያቶች ሁሉ ውሃ የማትቋጥረው እሷ ናት። ውሻውን ሳያራባ፣ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ አኑሮ የሚያስረጅ ሰው ካለ፣ አዎ፣ የግል ጉዳዩ ነው። ሐሳቡ እሱን ጫፉንም አልነካውም፤ "ለእርባታ የሚውሉ" ይላል። ወንድ ውሻውን በየወሩ ከሰው ሴት ውሻ ጋር የሚያዳቅል ሰው ግን የውሻውን ዘር ግማሽ በግማሽ ለእያንዳንዱ ቡችላ አድሏል። ያ ቡችላ አሁን በማያውቁት ሰው ቤት፣ በማያውቁት ልጅ አልጋ ሥር ተኝቷል። ልቡ ሲደክም ሌሊት የሚነሣው ያ ሰው ነው። ታዲያ ምኑ ነው የግል? ደግሞስ ውሻው ውድድር ሲያሸንፍ ፎቶውን በክለቡ መጽሔት ሽፋን ላይ ማን አወጣው? የዘር ሐረጉን እስከ አምስተኛው ትውልድ ያተመው ማን ነው? ዋንጫው ለአደባባይ፣ የልቡ ድምፅ ለጓዳ ከሆነ ጉዳዩ ምስጢር መጠበቅ አይደለም፤ ገበያ መጠበቅ ነው።

ዝርያችን ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ነው፤ የሚትራል ቫልቭ በሽታ ምን እንደሆነ ለክለባችን አባል ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ፦ በልብ ግራ በኩል ያለው በር በጊዜ ብዛት እየተበላሸ መግጠም ያቅተዋል፣ ደም ወደ ኋላ ይፈስሳል፣ ልብ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል። በዚህ ዝርያ አሥር ዓመት የሞላው ውሻ ልቡ ሲደመጥ ትርፍ ድምፅ የማይሰማበት ብርቅ ነው። ክፋቱ በሽታው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በሁለት ዓመቱ ንጹሕ የተባለ ውሻ በአምስት ዓመቱ ልቡ ሲያጉረመርም ሊሰማ ይችላል። እስከዚያ ግን ልጆቹ ወልደው የልጅ ልጅ አይቷል። ለዚህ ነው የልብ ሐኪሞች፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አታዳቅሉ፣ ወላጆቹም አምስት ዓመት ሲሞላቸው ልባቸው ንጹሕ የነበረ ይሁን የሚሉት። ይህን ምክር ለመከተል ደግሞ የሚወለደውን ቡችላ አያት ውጤት ማወቅ ግድ ነው። አያትየው የማን ነው? ብዙውን ጊዜ የኮሚቴ አባል።

ከዚህ ጀምሮ የምለውን ሰው ሁሉ እንዲያዳምጠኝ እፈልጋለሁ፤ በጉባኤው ላይ ሦስት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶኝ ሳልጨርሰው ተቀምጫለሁ።

አመራርነት ውሻን ያበዛል። ማንም አስቦ፣ ተንኮል ሸርቦ አይደለም የሚያደርገው። አዲስ አርቢ ወደ ክለቡ ሲደውል ስልኩን የሚያነሡት ጸሐፊዋ ናቸው። ጥሩ ወንድ ውሻ የት ላግኝ ብሎ ሲጠይቃቸው የሚያውቁትን ይነግሩታል፤ የሚያውቁት ደግሞ የራሳቸውን፣ የሰብሳቢውንና የገንዘብ ያዡን ውሾች ነው። ዳኛ የሚጋብዘው ኮሚቴው ነው። ጀማሪዎችን የሚያሠለጥነው ኮሚቴው ነው፤ ሥልጠናው ላይ "ጥሩ ጭንቅላት ይህን ይመስላል" ተብሎ መሐል ላይ የሚቆመው ውሻም የኮሚቴው ነው። ጀማሪው ያየውን ይወዳል፣ የወደደውን ይፈልጋል። በአሥር ዓመት ውስጥ የኮሚቴው ውሻ የዝርያው መልክ ይሆናል። ለዚህ ጥናት አምጪ የሚሉኝ አሉ። የቡችሎቻቸውን የዘር ሐረግ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጎን ለጎን ያንብቡት፤ ስንት ጊዜ ያንኑ ስም እንደሚያገኙ ይቁጠሩ። እኔ ቆጥሬያለሁ። አንድ ወንድ ውሻ ብዙ ሲወልድ ያለበት እንከን ሁሉ አብሮ ይባዛል፤ ማንም የውሻ አርቢ ይህን አይክድም። እንግዲህ ሹመቱ ውሻውን ካበዛው፣ ከሹመቱ ጋር የሚመጣው ግዴታም ከተራው አባል መብለጥ አለበት።

ሹመቱ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፣ ከፊተኛው የሚከፋ። መሪ ጤናን የሚለካው በቤቱ ባለው ውሻ ነው። ዳልሜሽን የሚባለውን ባለነጠብጣብ ዝርያ ታሪክ ተመልከቱ። ንጹሕ የተባለው ዳልሜሽን ሁሉ ዩሪክ አሲድን በወጉ የሚያስወግደውን ጂን አጥቶ ነበር፤ አንድም የቀረ አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወንድ ውሾች ሽንት ቧንቧቸው በጠጠር ተደፍኖ ተሠቃይተዋል። ሮበርት ሻይብል የሚባል የዘረመል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ዳልሜሽን ፖይንተር ከሚባል ሌላ ዝርያ ጋር አዳቀለ፤ ከዚያ ዘሩን በየትውልዱ እየመለሰ ከዳልሜሽን ጋር አዋለደው። በ1981 የዝርያ ውሾችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬነል ክለብ ከዚህ ዘር ሁለቱን መዘገበ። መልካቸው ዳልሜሽን ነበር፣ ነጠብጣባቸውም ዳልሜሽን ነበር፣ ሽንታቸው ግን ጤነኛ ነበር። የዝርያው ክለብ አባላት ተነሡበት፤ መዝገቡ ለዚህ ዘር ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት! መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ በእጅ ተይዞ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡችሎች ጉድለቱን ይዘው ተወለዱ። እነዚያ አባላት ውሾቻቸውን የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። የሁሉም ውሻ ያው ስለነበረ ጉድለቱ ጉድለት መስሎ አልታያቸውም፤ ዳልሜሽን ማለት ያ ነበር። እኛም ዘንድ ሰብሳቢው ውሻቸውን ያዩና "ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትንሽ ድምፅ አለችው፣ ካቫሊየር ነዋ!" ይላሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስምንት ዓመት ለትንሽ ውሻ እርጅና አይደለም።

በጎ ፈቃደኞች ናቸው ለሚለው፣ አዎ ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ያነሣሉ፣ ባለቤቱ የሞተበትን ውሻ መኪናቸው ላይ ጭነው ያመጣሉ፣ የውድድር ሜዳውን ንጋት ላይ ተነሥተው በገመድ ይከልላሉ። ይህን አከብራለሁ። ግን በጎ ፈቃድ ከመጠየቅ የሚያድን ጋሻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በጎ ፈቃድ ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ባሴንጂ የሚባለውን የውሻ ዝርያ የሚያራቡ ሰዎችን ይይ። ፋንኮኒ የሚባለው የኩላሊት በሽታ ዝርያቸውን ሲያጠቃ፣ ጥቂት አሜሪካውያን አርቢዎች በ1987 እና በ1988 ያኔ ዛይር ትባል ወደነበረችው ኮንጎ ሄዱ። ከገጠር መንደሮች አዲስ ደም የሚሆኑ ውሾች አመጡ፤ መዝገቡም በ1990 ተከፈተላቸው። ቤታቸው የቀሩት ደግሞ በውሻቸው ሽንት ውስጥ በየጊዜው የመመርመሪያ ወረቀት እየነከሩ፣ የበሽታው ምልክት የሆነው ስኳር እንዳለውና እንደሌለው እያዩ ኖሩ። የእኛ ኮሚቴ የተጠየቀው ኮንጎ እንዲሄድ አይደለም። አንድ ሐኪም በማዳመጫ ጥቂት ደቂቃ ያዳመጠውን አንድ መስመር እንዲጽፍ ነው።

የአልትራሳውንድ ምርመራ ውድ መሆኑን እቀበላለሁ። ሐሳቡ ግን ማዳመጫን እንጂ አልትራሳውንድን ግድ አላለም፤ ተነብቦላቸው ነበር።

ሦስተኛው ምክንያታቸው ጠላቶች ይጠቀሙበታል የሚል ነው። የዝርያ ውሻን የሚቃወሙ ሰዎች መጥፎ ውጤቶችን ለቅመው ይከሱናል አሉ። ኖርዌይ የሆነውን ረሱት? የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች የኬነል ክለቡን፣ የዝርያ ክለቦችንና አርቢዎችን ፍርድ ቤት አቆሟቸው። በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ካቫሊየርን ማራባት ሕገወጥ ነው አለ፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በካቫሊየር ላይ ያለውን አጸናው። ዳኞቹ የፈረዱት ውጤት ይፋ ስለተደረገ አይደለም፣ ውሾቹ ስለታመሙ ነው። የዴንማርክ ኬነል ክለብ ደግሞ የልብ ምርመራን ለእርባታ ግዴታ አድርጎ ቆየ። ተመራማሪዎች ቆይተው ሲያጣሩ፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው በመርሐ ግብሩ ካለፉ ውሾች ዘንድ የበሽታው ሥጋት ከግማሽ በላይ ቀንሶ አገኙት። ዳኛ ሳይመጣ መፍትሔው በእጃችን ነበር ማለት ነው፤ ዛሬም በእጃችን ነው። ኮሚቴያችን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ስለ ቡኒ ልናገር። ቡኒ ነጭና ቡናማ ካቫሊየሬ ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ ላይ ልቧ ደከመ። ሐኪሟ ስትተኛ ትንፋሿን ቁጠሪ አለችኝ፤ በደቂቃ ከሠላሳ ካለፈ ደውዪ። አልጋዬ አጠገብ ትንሽ ደብተር አስቀመጥኩ። ሌሊት እየተነሣሁ፣ የእጅ ስልኬን ሰዓት እያየሁ፣ የጎኗን ከፍ ዝቅ ማለት እቆጥራለሁ። ሃያ ሁለት። ሃያ አራት። ሃያ አራት። ሃያ ስምንት። ከዚያ አንድ ሌሊት ሠላሳ ስድስት። ፒሞቤንዳን የሚባል የልብ መድኃኒትና ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ጨምረው ሰባት ወር አቆዩልኝ። ደብተሩ አሁንም አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥሩን ለመጻፍ ጊዜ ስላልነበረኝ ሰዓቱ ብቻ ተጽፏል።

የቡኒ አባት የአንድ የኮሚቴ አባል ውሻ ነበር። ቡኒ ከሞተች በኋላ ሰውየውን አንድ ውድድር ላይ አገኘኋቸው፤ ያረጀ ውሻቸውን ታቅፈዋል፤ መራመድ ስለማይችል ሜዳውን ሁሉ አቅፈውት ነበር የሚዞሩት። የቡኒን መሞት ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ይህም አራት ዓመቱ ላይ ነው የተሰማበት አሉኝ። አራት! ቡኒ የተወለደችው እሱ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ለምን አልተናገሩም ስላቸው፣ ማንም አልጠየቀኝም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ውሻቸውን ከእኔ ባልተናነሰ ይወዱታል፤ ግንባሩን ሲስሙት አይቻለሁ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ፍቅር ሞልቷል፤ የጠፋው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

"ማንም አልጠየቀኝም" እንዳይባል ነበር ሐሳቡን ያቀረብነው። ጠየቅን፤ መልሱ ጭብጨባ ሆነ።

እንዲህ ከተጫናችሁብን ማን ኮሚቴ ይገባል የሚሉም አሉ። የውሻውን ልብ ማስደመጥ ከብዶት የሚቀር ሰው ካለ ይቅር። ዝርያው ሰብሳቢ አጥቶ አይሞትም፤ ከበሽተኛ አባቶች እየተወለደ ግን ሊያልቅ ይችላል።

ደንባችን የሃያ አባላት ፊርማ ከተሰበሰበ ሐሳቡ ተመልሶ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። አሥራ አራት ፊርማ ይዣለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ጠዋት፣ ገና አጀንዳ ሳይጸድቅ፣ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ማዳመጫዋን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ወጪዋን እኔ እችላለሁ። ኮሚቴውም አባሉም ውሻውን ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ የምትደመጠው የእኔዋ ትሁን። አራት ዓመቷ ነው፣ አንድ ጊዜ ወልዳለች፣ ዓምና ልቧ ንጹሕ ነበር። ዘንድሮ ምን እንደሚሰማ አላውቅም። የተሰማውን ግን እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከስሟ ጎን እጽፈዋለሁ።