ይድረስ ወደ ፊት ላጋደሉት ዳሌ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሩጫ መሙን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዳሌ ሆይ፤

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ የ100 ሜትር ሯጭን ብዙም አይገፋውም። ይህን እግዜር በነፃ የሰጠንን ጥቅም አንቱ ከወገብ በታች ተቀምጠው ስለሚበሉብን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደናል።

የለሁበትም እንዳይሉን፣ ማስረጃ አለን። ስልክ በሯጩ ወገብ ከፍታ፣ ከመሙ 10 ሜትር ያህል ርቆ፣ ልክ ከጎን ይቆምና በስሎው ሞሽን ይቀረጻል። መቅረጫው ከመነሻው 40 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን፤ መነሻው ላይ ሰውነቱ ሁሉ ስለሚያዘነብል እዚያ ይደበቃሉ። ከዚያ የቁምጣውን ላስቲክ ማየት ነው። እግር መሬት በነካበት ቅጽበት ላስቲኩ ከኋላ ተሰቅሎ ከፊት ከወረደ፣ ጠላ የሞላ ዋንጫ ቢሆኑ በብሽሽት በኩል በተንቆረቆሩ ነበር። (ቁምጣው ራሱ ተንሸራቶ ከነበረ ምስክርነቱ አይጸናም፤ አስተካክሎ እንደገና ማስሮጥ ነው።) ትንሽ ማጋደልዎ ተፈጥሮ መሆኑን አንክድም፤ እግር ወደ ኋላ ሲገፋም ይጨምራሉ። ክሳችን በዚያው ስለሚቀሩት ነው።

ሲቀሩ ምን ይሆናል? ታፋ ከፊት የሚነሣበት ቦታ ይጠባል። እግሩ ከኋላ ሲንከባለል ይዘገይና ለማካካስ ከሰውነት ፊት ርቆ ያርፋል። ይህ ፍሬን መያዝ ነው። በሙሉ ፍጥነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬን ተይዞበት የባከነውን ለማስመለስ ጊዜ የለም። ሃምስትሪንግ (የታፋ የኋላ ጡንቻ) ደግሞ ከላይ የሚነሣው ከመቀመጫ አጥንት ነው። አንቱ ከፊት ሲወርዱ ያ አጥንት ከኋላ ከፍ ይላል፤ ጡንቻው ገና ሥራ ሳይጀምር እንደ ክራር ክር ይወጠራል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እግር ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሃምስትሪንጉን ያሻል፣ የተወጠረውን ጭራሽ ያሳስባል፤ አንቱን የሚጠይቅ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ግብረ አበሮችዎንም እናውቃቸዋለን። አንደኛው ከመም ዳር «ደረትህን ንፋ!» እያለ የሚጮኸው ነው፤ ደረት ሲነፋ የታችኛው ጎድን ይከፈታል፣ ወገብ ይሰረጉዳል፣ አንቱም ይደላዎታል። ሁለተኛው 200 ሲት አፕ የሚያዘው ነው። ሆድ መታጠፍ ሳይሆን እግር ሲወራጭ ባለበት መጽናት እንዳለበት ማን ይንገረው? ሦስተኛው መቀመጫውን ቆንጥጦ ጅራቱን እንደ ሸጎጠ ውሻ የሚሮጠው ነው። እሱ አንቱን ያባረረ መስሎት እግሩ ወደ ኋላ እንዳይዘረጋ አሰረው።

ስለዚህ የማስለቀቂያው ሥራ እንዲህ ይከናወናል። ሯጩ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ በጀርባው ይተኛል፤ ዳሌና ጉልበት 90 ዲግሪ፣ እጆች ወደ ሰማይ። ጎድኑ እስኪወርድ ትንፋሹን ያወጣል። ከወገቡ ሥር የጋቢ ጫፍ ይደረግና ጓደኛው በስሱ ይስበዋል። ቀኝ እጅና ግራ እግር በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይቀያየራሉ፤ በየጎኑ 6 ጊዜ፣ 3 ዙር። ጋቢው ከወጣ አምልጠዋል ማለት ነው፤ ያኔ እግሩ ጋቢው እስከሚይዝበት ድረስ ብቻ ይዘርጋ። ትንፋሽ አፍኖ ሆድን መሳብ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ብሽሽትን ማሳሳብ። አንድ ጉልበት መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ የዚያኑ ጎን መቀመጫ ጨምቆ፣ በየጎኑ 30 ሰከንድ ሁለት ጊዜ። ሆዱን ወደ ፊት የገፋ ሰው ብሽሽቱን ሳይሆን ወገቡን ነው ያጠፈው፤ ይህ ለአንቱ ድግስ ነው። ከዚያ ጉልበት እያነሡ መራመድ፣ 20 ሜትር 4 ጊዜ፤ በመጨረሻም 30 ሜትር 3 ጊዜ ሙሉ ፍጥነት ሳይደርሱ መሮጥ፣ በመሐሉ 3 ደቂቃ እረፍት። የጎንደሩን የጎሃ ዳገት የሚመርጥ ይምረጥ፣ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ያዘንብል እንጂ ከወገቡ አይጎንበስ።

በሳምንት 3 ቀን እንመጣብዎታለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሆድና ለመቀመጫ ጡንቻዎች፣ ከእንቅልፍ ሲነሡ እንዲያነቡት
ለሃምስትሪንግ፣ ለይቅርታ
ለ«ደረትህን ንፋ» ክፍል፣ ድምፅ ቀንሶ እንዲያነበው