የአቃቂን ወንዝ ማን ያጽዳው?

ጥያቄው ይኼ ነው፦ አዲስ አበባ ስለ ወንዟ፣ ስለ አየሯና ስለ ቆሻሻዋ በራሷ ምን ያህል መወሰን ትችላለች? ሁለት ነዋሪዎች ተሟግተውበታል፤ አንዷ ከቃሊቲ፣ አንዱ ከሰሚት።

የቃሊቲዋ፦ እኔ የምኖረው ከተማው የጣለው ሁሉ በአቃቂ ወንዝ በሚወርድበት በኩል ነው። ስለዚህ “ይኼ የፌዴራል ጉዳይ ነው” የምትለዋ ነገር ሰልችታኛለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷል። መሬት የሚሰጠው ከተማው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ከተማው፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ከተማው። ከተማው በ2011 ሞተር ሳይክል ሲያግድ ምክንያቱ ወንጀል ነበር እንጂ ጭስ አልነበረም፣ ግን መንገዱ ላይ አዛዡ ማን እንደሆነ አይተናል አይደል? የኮሪደር ልማቱም የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በወራት ውስጥ ነው የተነጠፈው። ሲፈለግ ይቻላል።

የሰሚቱ፦ እህቴ፣ አንቀጽ 49ን ጀምረሽ አልጨረስሽውም። እዚያው ላይ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ትልልቁን ነገር ደግሞ ተመልከቺ። በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ያገደው ማን ነው? ፌዴራል። ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ በ2017 ያጸደቀውስ? ፓርላማው።

ሰንዳፋን አስታውሺ። ቆሼ የሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሞላ ተብሎ አዲሱ ማስወገጃ ከከተማው ወሰን ውጪ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ተሠራ። በ2008 ሥራ ጀመረ፣ ወራት ሳይቆይ ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ ተዘጋ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከተማው ብቻውን ወስኖ የሚጨርሰው ነገር ቢሆን ኖሮ እዚያ አንደርስም ነበር።

የቃሊቲዋ፦ ሰንዳፋ የሚመሰክረው ለእኔ ነው! እዚያ የጎደለው ሥልጣን አይደለም። የራስን ቆሻሻ ሳይቀንሱ የሰው ደጅ ላይ መድፋት ነው ያልተሳካው። ከቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፣ የምግብ ትርፍራፊና የአትክልት ልጣጭ፣ ማዳበሪያ የሚሆን። የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ እንደሆነ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስባሉ። የሚበሰብሰውን ለብቻው እንዲወስዱ ማድረግ የወረዳ ሥራ ነው፣ የማንንም ሚኒስትር ፊርማ አይጠይቅም። ቆራሌው እንኳ ጠርሙሱን ከብረቱ ለይቶ ነው የሚሸጠው።

ፋብሪካዎቹስ? የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ መስፈርት እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ከተማው ለምን በዚያ መንገድ አይሄድም? የቆዳ ፋብሪካው ቱቦ እኮ የት እንዳለ ይታወቃል።

የሰሚቱ፦ ፋብሪካ ይዘጋ ማለት ቀላል ነው፣ ሠራተኛውን ማን ያበላል? ደግሞ ጥፋቱ የፋብሪካ ብቻ አይደለም። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ሰፈር ሽንት ቤቱን ወደ ወንዙ ይለቃል። መስመር መዘርጋት ብዙ ብር ይፈልጋል፣ የውጭ ብድር ከተባለ ደግሞ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ነው። ተመልሰን ፌዴራል ደጅ።

የቃሊቲዋ፦ ይዘጋ መቼ አልኩ? ሳያጣራ አይልቀቅ ነው ያልኩት። ወንዝ ዳር መናፈሻ ለመሥራት ብር ተገኝቷል፣ አበባውም ደርቷል፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ግን ያው ጥቁር ነው። እኛ ጋ በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይመረትበታል ወንድሜ። ገበያ ወጥቶ ሰሚት ድረስ ይመጣል፣ አንተም ትበላዋለህ።