ሁላውን እጁን ቆርጣችሁ አትላኩት

ወገኖቼ፣ ይቺን ብሶት ዛሬ ካልተነፈስኳት አይሆንልኝም። የሃዋይ ሙዚቃ እንወዳለን የምንል ሰዎች የምንወደውን ነገር በገዛ እጃችን እያበላሸነው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሁሉ 30 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የለውም፣ መጨረሻ የለውም፣ የዘፋኙ ስም የለም። ከላዩ «ዘና የሚያደርግ የሃዋይ ሙዚቃ» ተብሎ የዘንባባ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ አለቀ።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ በጣም የሚያንገበግበው እሱ ስለሆነ። ሁላ የሃዋይ ባህላዊ ውዝዋዜ ነው፤ ብዙ የሁላ ዘፈኖች የሚዘጉበት የራሳቸው ስንኝ አላቸው፤ ሀኢና ይባላል። ዘፋኙ «ሀኢና ኢያ ማይ አና ካ ፑአና» ሲል «እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይነገር» እንደማለት ነው። ዘፈኑ ለማን እንደተገጠመ፣ የትኛው ቦታ ወይም የትኛው አበባ እንደተወደሰ እዚያ ላይ ይነሳል። የለመደ ጆሮ ይህን ሲሰማ ዘፈኑ መሰናበቻው ላይ መድረሱን ያውቃል። ክሊፑ የሚቆረጠው ግን ሁልጊዜ እዚህ ከመድረሱ በፊት ነው። ቅኔ ሲዘረፍ ቤቱ ሳይመታ ባለቅኔውን ማስቀመጥ ማለት ነው።

ቅኔን ካነሳን አይቀር፣ የሃዋይ ሰዎች ካኦና የሚሉት ነገር አላቸው፤ ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዝናቡ ዝናብ ብቻ አይደለም፣ የአበባ ጉንጉኑም ጉንጉን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፍቅረኛ ነው። ጋቢ ፓሂኑዊ በጊታሩ ያስወደደው ሂኢላዌ የሚባለው ዘፈን ላይ ላዩን በዋይፒኦ ሸለቆ ስላለ ፏፏቴ ነው፤ ውስጡ የተወራበት ፍቅር አለ፣ የሚንጫጩት ወፎችም ሐሜተኞች ናቸው። ይህን «ስለ ተፈጥሮ የተዘፈነ፣ ለእንቅልፍ የሚሆን» ብሎ መለጠፍ ወርቁን ጥሎ ሰሙን መሸጥ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን መረዳት እንዴት ያቅተዋል?

ጊታሩም ያው ተበድሏል። ኪ ሆአሉ፣ ማለትም የላላ ክር አመታት፣ ሁሉ ነገሩ ቅኝቱ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሩን እንደሚያጠብቅና እንደሚያላላ፣ እነሱም የጊታሩን ክር አላልተው ነው የሚጫወቱት። ዋነኛው ቅኝት ታሮ ፓች ይባላል፦ 6ኛው፣ 5ኛውና 1ኛው ክር አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ይወርዱና ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናል። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ከላይ ይጫወታሉ። ያ የላላ 6ኛ ክር 73 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚጮኸው። ይህን ድምፅ የስልክ ስፒከር በቅጡ አያወጣውም። በዚያ ላይ አንዱን ስልክ እያጫወቱ በሌላው ቮይስ መልእክት ቀድተው ይልኩታል! ቮይስ መልእክት ለንግግር ተብሎ የተጨመቀ ነው፤ የክሩን ማስተጋባት ይበላዋል፣ ግራና ቀኙን አንድ ያደርገዋል። የአውራ ጣቱ ሥራ ጠፍቶ ቀጭን ክር ብቻ ሲንጨረጨር ይሰማና «ዩኩሌሌ ነው» ይባላል። ዩኩሌሌ እኮ ትንሽዬ ጊታር መሰል መሣሪያ ነው፣ 4 ክር ነው ያለው። ጊታሩን ጭን ላይ አጋድሞ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ደግሞ ስቲል ጊታር ነው፣ ሌላ መሣሪያ ነው፤ እሱንም ከላላ ክር ጋር አታምታቱብን።

አሁን ደግሞ «ዝግ ያለ» እያሉ ማዘግየት መጥቷል። ዘፈን በ0.8 ፍጥነት ድምፁም አብሮ እንዲወርድ ተደርጎ ሲዘገይ ወደ 4 ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) የሚጠጋ ይወርዳል። እንደ ጄኖዋ ኬአዌ (1918–2008 እ.ኤ.አ.) ያለች ዘፋኝ ከደረት ድምፅ ወደ ቀጭኑ ስትሻገር የምትሰብራት ስብራት አለች፤ ሀኢ ይሏታል። ውበቱ ያለው ስብራቷ ላይ ነው፣ ሳይሸፈን በግልጽ መሰማቷ። ሲዘገይ ስብራቷ ትሟሟለች፣ ሴትዮዋም ሌላ ሰው ትሆናለች።

የስሙ ነገር ደግሞ ያሳዝናል። ወፍራም ሰው ዩኩሌሌ ይዞ በለስላሳ ድምፅ ከዘፈነ ሁሉም ዝነኛው የሃዋይ ዘፋኝ እስራኤል ካማካዊዎኦሌ ነው ይላሉ። «አሎሃ ኦኤ» ላይ «የሕዝብ ዜማ» ብለው ይጽፋሉ። ደራሲዋ ይታወቃል እኮ! ሊሊኡኦካላኒ ናት፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ከዙፋኗ የተገለበጠችው የሃዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት። አገሯን የተነጠቀች ሴት ዜማዋንም እንድትነጠቅ ለምን እንረዳለን?

ዳታ ውድ ነው የሚለውን ሰበብ አውቀዋለሁ፣ ውድ መሆኑም እውነት ነው። ግን የ4 ደቂቃ ዘፈን በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሲሆን 4 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ቴሌግራም ላይ በፋይል፣ ዋትስአፕ ላይ በዶክዩመንት ላኩት፤ እንደዚያ ሲሆን አይጨምቀውም። ሊንክ ከሆነና የምትወዱት ቦታ 2ኛው ደቂቃ ላይ ካለ፣ በኮምፒውተር ዩቲዩብ ላይ ሼር ስትጫኑ የሚጀምርበትን ሰዓት የምትሞሉባት ትንሽ ሳጥን አለች። ቆርጣችሁ ከምትልኩ ሳጥኗን ሙሏት፣ ቀሪውን የፈለገ ይሰማዋል። ከሥሩ ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንደደረሰው፣ የት እንደተቀዳ ጻፉ። አንድ መስመር ነው።

ራሳችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ስልኩን አጋድሙት፣ በእናታችሁ። ሁላ ላይ እጅ ነው የሚናገረው፤ ዝናቡን፣ ማዕበሉን፣ ጉንጉኑን የሚያሳየው እጅ ነው። ስልኩ ቆሞ ሲቀርጽ ክንዶች በተዘረጉ ቁጥር ከመዳፍ ጀምሮ ይቆረጣሉ፣ ፊትና ወገብ ብቻ ይቀራል። ስታጋድሙት ደግሞ የግርጌውን ማይክሮፎን በመዳፋችሁ እንዳትደፍኑት፤ ድምፁ ታፈነ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ጥንታዊውን ሁላ ስትቀርጹ ዳንሰኞቹ ቦታቸውን ይዘው እስኪቆሙ አትጠብቁ። አገባባቸው ካኢ ይባላል፣ አወጣጣቸው ሆኢ፤ ሂሎ ከተማ በሚደረገው የሜሪ ሞናርክ ውድድር ዳኞች ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ መድረኩ ባዶ ሳለ ጀምሩ፣ የመጨረሻዋ ዳንሰኛ ወጥታ እስክታልቅም ቀዩን ቁልፍ አትንኩት።